ሞቷል ብዬ የጻፍኩበት ዛፍ

ዛፍ እወዳለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስንቱን በስም እንደሚያውቅ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ከማንጎ አያልፍም። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት በሰው ላይ ስጠቀምበት ኖሬ አንድም ቀን ወደ ራሴ አዙሬው አላውቅም። ጋምቤላ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር ከከተማው ዛፎች የማውቃቸው ሁለት ነበሩ፤ ማንጎን ስለምበላው፣ ኒምን ደግሞ ስብሰባው ሁሉ ከሥሩ ስለሚካሄድ። የቀረው በሙሉ ጥላ ነበር።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቼ ከባሮ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአኙዋ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ተበትነዋል፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራኑ ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ውስጥ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባለውን ነገር አያውቁትም፤ ለከንቲባም ለፍየልም «አንተ» ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል፣ በዚህ ተግባብተናል።

ዕቃዬን አስገብቼ ሳልጨርስ ጎግ ወረዳ ያለችው ልጃቸው መውለጃዋ ደርሷል ተብለው ተጠሩ። ከጓዛቸው መካከል በጨርቅ የጠቀለሏት አንዲት ጠርሙስ ነበረች። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ባጃጅ ላይ ሲወጡ ሌላውን ሁሉ ለእኔና ለሾፌሩ አቀበሉን፣ ጠርሙሷን ግን ከእቅፋቸው አልለቀቁም። «ግቢውን ጠብቅ» አሉኝና ሄዱ። ስለ ዛፉ ምንም አላሉም። በእሳቸው ቤት፣ ስለ ዛፉ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዛፉ ከክፍሌ ጀርባ ነበር፤ ግማሹ ቅርንጫፍ በቆርቆሮዬ ላይ ተንሰራፍቷል። ራቁቱን ነው። ቅርፊቱ ወፍራምና ጥቁር ግራጫ ሆኖ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ተሰነጣጥቋል፤ ሲያዩት የአዞ ጀርባ ተገትሮ የቆመ ይመስላል። ከላይ፣ ከዋናዎቹ ቅርንጫፎች በአንዱ ላይ ብቻ፣ አንድ ጉንጉን አረንጓዴ ቅጠል ነበረ፤ በመካከሉም የክብሪት እንጨት የሚመስሉ ቀያይ አበቦች። ትናንሽ ወፎች ከዚያ አበባ አይጠፉም ነበር። እኔ ያደግሁበት ደጋ ውስጥ ጥዱም ወይራውም ባሕር ዛፉም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሞተ ዛፍ ነው። እዚህም ማንጎውና ኒሙ በበጋ ስለማይራቆቱ፣ ይህን እምነቴን የሚያናጋ ነገር አላየሁም ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ክንዴን የሚያህል ደረቅ ቅርንጫፍ ቆርቆሮዬ ላይ ወደቀ። የማነበውን ጥዬ ወጣሁ። ቅርንጫፉን አንስቼ ሳየው ከዳር እስከ ዳር ደርቋል፤ ስሰብረው እንደ ብስኩት ፍርክስክስ አለ። ለሚያነብ ሰው ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ ፈለግሁ።

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት ስለ ዛፍ በሽታ የሚያወራ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለኝ። ሰው ያላነበበውን ማንበብ እወዳለሁ፤ ይህን መጽሐፍ ግን ሰው ያላነበበው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። የተጻፈው በረዶ በሚጥልበት አገር ለፖም አትክልተኞች ነው። እኔ ግን ሥዕሎቹን እያየሁ ግቢ ወጣሁ። የቅርፊቱ መሰነጣጠቅ እዚያ ተሥሏል፤ በሽታ ነው። ግንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ተሥሏል፤ ትል ነው። ከግንዱ ሥር ምስጥ የሠራው የጭቃ መንገድም ነበረ፤ ይህ ባይሣልም ለማንም ግልጽ ነው። ከዚያ የዛፉን ስም ለማወቅ ስልኬ ላይ ቅጠል አይቶ የሚናገር መተግበሪያ ጫንኩ። ያለው ቅጠል የላይኛው ጉንጉን ብቻ ስለሆነ በረጅም እንጨት ጫፉን ቀንጥሼ አወረድኩና ፎቶ አነሳሁት። ስልኩ ሦስት የማይዛመዱ ስሞች ሰጠኝ፤ አንዱ የሚበቅለው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ያወረድኳትን ዘለላ ከነቀይ አበባዋ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኳት። ሥር ካወጣች እተክላታለሁ፣ የዛፉ ዘር አይጥፋ ብዬ።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ስሙ በውል ያልታወቀ፣ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ቅርፊቱ በበሽታ የተበላ፣ ከአንዲት ቅርንጫፍ በቀር ሕይወት የሌለው፣ በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ አደጋ የደቀነ ዛፍ ይላል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ትሑት የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ፣ አጠገቡ ላለችው ሠራተኛ እንዲሰማት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሯቸው ደርሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ማህተም መታበትና በመጪው ማክሰኞ የሞተር መጋዝ ያለው ሰው እንደሚልክ ቃል ገባ። ዛፉን ሊያይ የመጣ የለም። በዚህ ከተማ አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ፣ ለአንዳንዱም ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ ከደጋ የመጣነው አፋችንን ስለፈታንበት ብቻ የምንጽፈው ሁሉ እውነት ይመስላል። ይህን አውቃለሁ። ሌሎች ሲያደርጉት አይቼ ተችቼበታለሁም።

ለእማማ ስልክ አልደወልኩም። ጎግ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አልሞከርኩም። ስለ ሞተ ዛፍ አራስ ቤት ያለን ሰው ማወክ ጨዋነት አይደለም ብዬ ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋነት አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋዙ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እማማ ተመለሱ። አብሯቸው ታናሽ ወንድማቸው መጥቷል፤ የእኔ እኩያ የሆነ፣ አቦቦ አካባቢ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ ሰው። ልጅቷ በሰላም መውለዷን፣ ሕፃኗም ሴት መሆኗን ነገሩኝ። እኔም ግቢውን እንዴት እንደጠበቅኩ ልነግራቸው ቸኮልኩና ደብዳቤውን አወጣሁ። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም።

«አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። እያነበብኩ ሳለሁ ዓይናቸው ከዛፉ ላይ አልተነሳም።

«የማን ዛፍ ነው ደብዳቤ ውስጥ ያለው?»

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«የእኔ አይደለም። የእኔ ተኝቷል» አሉና እጄን አዩት። «ጥፍር የለህም? ጫረው።»

ዝቅ ካሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች አንዱን ይዤ ቆዳውን በአውራ ጣቴ ፋቅኩት። ከግራጫው ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ እርጥብ፣ የተፈለፈለ የባቄላ እሸት የመሰለ አረንጓዴ። ጥቂት ቆይቶ ከጭረቱ ጠርዝ አንዲት ነጭ ጠብታ ብቅ አለች። ወተት ነበረች። ዝናብ ከጠፋ ከወራት በኋላ፣ ሬሳ ነው ብዬ ባስፈረድኩበት እንጨት ውስጥ ወተት ይሄድ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። የተኛን ሰው ዓይን በጣቴ የነካሁ መሰለኝ።

የመከራከር ልማዴ ግን ተመለሰና ወደ ላይኛው ጉንጉን አመለከትኩ። ዛፉ ተኝቶ ከሆነ ያ ለምን አልተኛም ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱ ዛፍ አይደለም። ሌባ ነው» አሉ። «ወፍ ነች ያመጣችው። ዛፍ ሲተኛ ሌባ አይተኛም።»

ተቀጽላ ነበር። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በአገሬ መድኃኒት ቀማሚዎች የእገሌን ዛፍ ተቀጽላ አምጡ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔም በጽሑፎቼ የማልወዳቸውን ሹማምንት ስሰድብበት ኖሬያለሁ። በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ፣ ሥሩን በእንጨቱ ውስጥ ሰዶ፣ የሌላውን ውሃ ጠጥቶ የሚያብበውን ነገር ራሱን ግን አይቼው አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመስኮቴ እያየሁ የዛፉ ብቸኛ ጤነኛ ክፍል ነው ስለው የነበረው በሽታው ነበር። ያ ስልክም ቢሆን ስሙን ሲፈልግ የሰነበተው የሌባውን ነው።

እማማ እስከዚህ ድረስ ቁጡ ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ብርጭቆ ሲያዩ ግን መቆም አቃታቸው፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለወንድማቸው በቋንቋቸው ነገሩት፣ እሱም ሊያይ መጣ።

«ሌባውን ቤትህ አስገብተህ ውሃ ታጠጣለህ» አሉኝ። «ባለቤቱን በመጋዝ።»

ሳቁ ሲያልፍ ስለ ጠርሙሷ ነገሩኝ። ባላቸው ይህን ቦታ ሲመነጥሩ ሌላውን ቆርጠው ይህን ዛፍ ብቻ ተዉት። እማማ በየዓመቱ በክረምት መግቢያ ፍሬውን ይለቅማሉ፣ አስኳሉን አውጥተው ዘይት ያወጣሉ። ስድስት ልጆቻቸው በዚህ ዛፍ ዘይት ታሽተው አደጉ። ጎግ ይዘውት የሄዱት የመጨረሻው ነበር፤ በአዲሷ ሕፃን ገላ ላይ አለቀ። ለአራሷ ልጃቸው፣ «አንቺ የታሸሽበት ዛፍ የሚቀጥለውን ለልጅሽ ይሰጣታል» ብለው ነው የመጡት። በሰፈሩ ያሉት ሌሎቹ እንዲህ ያሉ ዛፎች አንድ በአንድ ከሰል ሆነው አልቀዋል፤ የቀረው ይህ ነው። ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነበር የነገሩኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛፉን ስም በቋንቋቸው ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ወንድምዬው ሳቀ፤ ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም፣ አበላሽቼ ከምጽፈው ይቅር። ፍሬውን በእጃቸው ቅርጽ ሲያሳዩኝና ዘይቱን ሲገልጹልኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወደ ክፍሌ ገባሁ። የተሰነጠቀ ተረከዜን የምቀባው ከሱቅ የተገዛ ቅባት አለ፤ ክዳኑ ላይ የአንድ ቡናማ ፍሬ ሥዕል አለበት፤ «ሺያ በተር» ይላል፣ የሺያ ፍሬ ቅቤ ማለት ነው። አምጥቼ አሳየኋቸው። እማማ ከፍተው አሸተቱትና መለሱልኝ። «ሽቶ አበዙበት» አሉ። እንግዲህ ያን ዛፍ ለዓመታት ከባሕር ማዶ እያስመጣሁ እግሬን ስቀባው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ቀበሌ ሄድኩ። ደብዳቤዬን መመለስ የጻፍኩትን ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ እኛ እኮ እርስዎን አምነን ነው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ አዝኖ። በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ደቅኗል ብለው ጽፈዋል፤ ነገ አንዱ ላይ ቢወድቅ ፋይሉ ውስጥ ያለው የእርስዎ ቃል ነው፤ አላየንም ማለት አንችልም አለ። ትክክል ነበር። መጋዙን ለጊዜው አቁሞ ሐሙስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ተስማማ። የሞተ ዛፍ ተነሣ የሚል ማመልከቻ ግን ከዚህ በፊት ደርሶት እንደማያውቅ ሳይነግረኝ አላለፈም።

በመካከሉ ባሉት ሁለት ቀናት ወንድምዬው ዛፉን መረመረው። እኔ መጽሐፌን ዘግቼ ከሥር ቆምኩ። የቅርፊቱ መሰነጣጠቅ በሽታ አይደለም፤ የዛፉ ካፖርት ነው። በበጋ ሣሩ ሲቃጠል ከውጭ ይጠቁራል፣ ከውስጥ አይነካም። የምስጡን ጭቃ በቢላው ፈቅፍቆ ከሥሩ ያለውን አሳየኝ፤ የተበላው የሞተው የላይኛው ቅርፊት ብቻ ነው። ቀዳዳው ሥር የወደቀውን ዱቄት በጣቱ አንስቶ አሸተተው። ዱቄቱ አዲስና ነጭ ቢሆን ትሉ ውስጥ ነው፤ የጠቆረ ከሆነ ትሉ ሄዷል። ጠቁሮ ነበር። እውነተኛው በሽታ ያለበትን ለማሳየት ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ወጣ፤ ተቀጽላው የተጣበቀበት ቦታ እንደ ተሰበረ ጉልበት ያበጠ ነው፤ ከእብጠቱ ወዲያ ያለው ጫፍ ውሃ ስለማያገኝ ይደርቃል። ቆርቆሮዬ ላይ የወደቀው ያ ነው። ከሥር ሆኜ አንድ ብቻ ያየሁት ሌባ፣ እሱ ከላይ ሲቆጥር አምስት ሆነ፤ አራቱ ገና ሕፃናት ነበሩ።

አራቱን ከእብጠታቸው አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ቆረጠ፤ ሥሩ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚሄድ ከላይ መልቀም ዋጋ የለውም። ትልቁ ግን ዋናው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ እሱን መቁረጥ ዛፉን ግማሽ ማድረግ ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን መንግሎ አወረደና ሥሩ ተመልሶ ሊያቆጠቁጥ እንደሚችል፣ በየወሩ መታየት እንዳለበት ነገረኝ። ሐሙስ ጠዋት ዛፉ አንድም አረንጓዴ አልነበረበትም።

ኮሚቴው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ሦስቱም ከዛፉ ሥር ቆመው መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ወደተከመረው አረንጓዴ ከነቀይ አበባው፣ ከዚያም ወደ እኔ አዩ።

«መምህር» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ፣ «ሕይወት ያለውን ቆርጣችሁ የሞተውን አቆማችሁ?»

በጥፍሬ ጭሬ አረንጓዴውን አሳየሁት። ከባልደረቦቹ አንዱ፣ የተቆረጠ ግንድም ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቆይ አስታወሰኝ፤ ይህም ትክክል ነበር። ያን ቀን ሰው ሁሉ ትክክል ነበር፣ ከእኔ በቀር። እማማ ዛፉ ተኝቷል ሲሉም ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት አዳመጣቸው፤ ግን ፋይሉ ውስጥ ያለው ቃል የእኔ ነው። በመጨረሻ ዛፉን የሙከራ ጊዜ ሰጠው። እስከ የካቲት መጨረሻ ቅጠል ወይም አበባ ካላወጣ ይቆረጣል። ለዛፍ ቀጠሮ ሲሰጥ ያኔ አየሁ፤ በዚያ አልሳቅኩም።

እማማም አልሳቁም። አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ እንደሚነቃ ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጥርና የካቲት ጋምቤላ ውስጥ የሚጠብቅ ሰው ወራት አይደሉም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ወንበሬን አውጥቼ ጥላ በሌለው ዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር። የቀጫጭን ቅርንጫፎቹን ጫፎች አንድ በአንድ ለየኋቸው። እያንዳንዳቸው አንዲት ዝገት የመሰለች ቡናማ ጉብታ አለቻቸው። በየቀኑ እለካቸው ጀመር፤ ልኬቴ ጥፍሬ ነበር። ለሁለት ሳምንት አንዲትም አልተንቀሳቀሰችም። ዕድሜዬን ሙሉ ትዕግሥት ስለሌላቸው ሰዎች ስጽፍ ኖሬ፣ ራሴ ትዕግሥት እንደሌለኝ ያወቅኩት እዚያ ነው። አንድ ማለዳ እማማ ሳይነሱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ከሥሩ አፈሰስኩ። ሲነሱ እርጥቡን አፈር አዩት።

«ዛፉ ሸና እንዴ?» አሉ።

አመንኩ። ውሃ የት እንዳለ ከእኔ በላይ እንደሚያውቅ ነገሩኝና ጀሪካኖቼን ወስደው የራሳቸውን ጎመን አጠጡበት።

የካቲት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነበር። ማለዳ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ጎረቤት ጄኔሬተር ያስነሣ መሰለኝ። መብራት ግን አልጠፋም ነበር። ከቤት ስወጣ የማር ሽታ ፊቴን መታኝ። ቀና አልኩ። ትናንት ማታ ዝገት የመሰለው እያንዳንዱ ጫፍ ተከፍቶ ነጭ ሆኗል፤ ገና አንድ ቅጠል ሳይኖር፣ ከዚያ ከአዞ ጀርባ ላይ፣ ጭብጥ ጭብጥ የሚያህል ለስላሳ አበባ። እስከ ላይ ድረስ እንዲሁ ነው። ከንቦቹ ብዛት የተነሣ ዛፉ በቆመበት የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። እጄን ግንዱ ላይ አደረግኩ። ድምፁ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ መዳፌ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ወይም መጣ ብዬ ልመን ፈለግኩ።

ለዚህ የሚሆን ቃል ፈለግኩና አጣሁ። ይህ እንደ እኔ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ውሃው ከየት መጣ? ሰማዩ ከጥቅምት ወዲህ ደርቆ፣ ባሮ ራሱ አሸዋው ታይቶ፣ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ፍጥረት ያለውን ሁሉ የሚያወጣው አሁን ነው። ዝናቡ እንደሚመጣ ማን ነገረው? እኔ ነገ ውሃ ይመጣል ብዬ ዛሬ በርሜሌን አላራግፍም። ከዚያ ጠዋት በፊት እምነት ስለሚባለው ነገር አሽሟጥጬ የጻፍኳቸው ገጾች አሉ፤ ብዙዎቹን አሁንም አልክድም። ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ አንዳቸውንም ማንበብ አልችልም ነበር።

እማማ ከቤታቸው ወጡ፣ ሽቅብ አዩ፣ «እ» አሉ፤ ከዚያ ጎመናቸውን ሊያጠጡ ሄዱ። መለስ ሲሉ ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ አየሁ።

ሥራ አስኪያጁን ስልክ ደውዬ ጠራሁት። ፋይሉን በብብቱ ይዞ መጣ። ከዛፉ ሥር ብዙ ቆየ። አንዲት ንብ ፋይሉ ላይ አረፈች፤ እስክትነሣ ጠበቃት።

«አያቴ ይሄ ዛፍ ነበራት» አለ በመጨረሻ። «የማውቀው ፍሬውን ነው። እኔም የከተማ ልጅ ነኝ፤ ተኝቶ አይቼው አላውቅም።»

እዚያው ቆሞ፣ ፋይሉን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ በአካል ተገኝቼ እንዳየሁት ዛፉ በሕይወት አለ ብሎ ጻፈ። አጭር ነበር፤ አንድ ፊደልም ገድፏል። በዚያ ፋይል ውስጥ ዛፉን እያየ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ያ ብቻ ነው፤ አላረምኩትም።

ከአበባው በኋላ ቅጠሉ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ መዳብ ቀይ ሆኖ። ሚያዝያ ላይ አንዳንዱ ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ተደናግጬ እማማ ዘንድ ሮጥኩ፤ አንተ ፊትህ ላይ ነጠብጣብ የለህም ወይ ብለው መለሱኝ። በየወሩ መሰላል አቁሜ ያን ዋና ቅርንጫፍ አያለሁ። ግንቦት ላይ ከአሮጌው ጠባሳ አንዲት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ብቅ ብላ አገኘኋት፣ ነቀልኳት። ቀይ አበባ ሳያወጣ ሌባን መለየት ተምሬያለሁ።

ፍሬው የበሰለው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ለስላሳ አረንጓዴ ፍሬ አይቼ እጄን ስዘረጋ እማማ ከኋላዬ ያዙኝ። ይህ ፍሬ ከዛፉ ላይ አይለቀምም፤ አይወዘወዝም፤ እስኪወድቅ ይጠበቃል። ቀድሞ የተለቀመ አስኳል ዘይት አይሰጥም። በዚያ ሰሞን ሌሊቱን የሚወድቀው ፍሬ ቆርቆሮዬን ሲመታ ያድራል፣ ስነቃ እማማ ዘንቢላቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ከሥሩ ናቸው። እኔም ከመኝታዬ ተነሥቼ እለቅም ጀመር። ሥጋውን በላን፤ ጣፋጭ ነው። አስኳሉን ቀቀሉ፣ ፀሐይ ስትገኝ አሰጡ፣ ሰበሩ፣ ቆሉ፣ ወቀጡ፣ እንደገና በውሃ ቀቀሉ፤ በመጨረሻ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ እየጨለፉ ሰበሰቡ። ዘይቱ በጋምቤላ ሙቀት አይረጋም፤ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ እንደ ዘይት ይፈስሳል። በመዳፌ ጀርባ ላይ አንዲት ጠብታ አደረጉልኝ። ሽቶ አልነበረበትም፤ ጭስና ለውዝ ይሸታል።

ያቺው ጠርሙስ፣ ያው ጨርቅ። ሐምሌ ላይ ወንድምዬው ወደ ጎግ ሊወስዳት መጣ። ሕፃኗ ስድስት ወር ሆኗት መቀመጥ ጀምራለች። እኔ ከልማዴ አልወጣሁም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁና፣ ለልጃቸው ዘይቱ ከዚያው ከራሷ ዛፍ መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ ልጻፍላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

እማማ የጠርሙሷን ቡሽ አጠበቁና ለወንድማቸው ሰጡት።

«ደብዳቤ አያስፈልግም» አሉኝ። «ከፍታ ታሸተዋለች።»